«ቢከፋም ልወቀው»፦ በሃያዎቹ ዕድሜ እንቅልፍ ስለሚነሳ ውሳኔ

ጥያቄ፦ «26 ዓመቴ ነው። በአንድ ትልቅ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራው አይከፋም፤ ደሞዙም ቀኑን ጠብቆ ይገባል። ግን ከገባሁ ጀምሮ የምሞላው ያንኑ ሰንጠረዥ ነው። ባለፈው ወር አምስት ሰዎች ያሉበት አዲስ ድርጅት ‹አብረሽን ሥሪ› አለኝ። ሥራውን እወደዋለሁ። ደሞዙ ግን ከአሁኑ ያንሳል። ድርጅቱም በዓመቱ ይኑር ይዘጋ የሚያውቅ የለም። የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ወጪ የምሸፍነው እኔ ነኝ። ጓደኞቼ ‹በሃያዎቹ ሪስክ ካልወሰድሽ መቼ ልትወስጂ ነው?› ይሉኛል። ሌሊት እየተነሳሁ ጥቅምና ጉዳቱን እዘረዝራለሁ፤ ጠዋት እቀደዋለሁ። እንደሚከፋ እንኳ በእርግጠኝነት ባውቅ እረፍት አገኝ ነበር። ፈሪ ነኝ ወይስ አስተዋይ? መልሴን የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ብዙውን ጊዜዬን የማሳልፈው እንዳንቺ በሥራና በሙያ ምርጫ ከተጨነቁ ወጣቶች ጋር ነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ «እንደሚከፋ እንኳ በእርግጠኝነት ባውቅ እረፍት አገኝ ነበር።»

አንቺና ጓደኞችሽ የምትከራከሩት ስለ ድፍረት ነው። ይህ አባባልሽ ግን ከድፍረት ጋር ብዙም አይገናኝም። እንቅልፍ የነሳሽ ኪሳራው ሳይሆን አለማወቁ ይመስለኛል። ሁለቱን ነጥለሽ ካላየሻቸው ደግሞ የምትጽፊው ዝርዝር ሁሉ ጠዋት ጠዋት መቀደዱ አይቀርም።

መጀመሪያ ይህ ስሜት ያንቺ ብቻ እንዳልሆነ ላሳይሽ። በ2016 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ያሉ ተመራማሪዎች 45 በጎ ፈቃደኞችን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡ። በስክሪኑ ላይ ድንጋዮች ይታያሉ። ከሥራቸው እባብ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ተሳታፊው እባብ አለ ወይስ የለም የሚለውን ይገምታል፤ ከዚያ ድንጋዩ ይገለበጣል። እባብ ካለ እጁን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ያገኘዋል። ተመራማሪዎቹ ላቡንና የዓይኑን ብሌን መስፋት እየለኩ ጭንቀቱን ይከታተላሉ። ሰዎቹ በጣም የተጨነቁት መቼ ይመስልሻል? ንዝረቱ እንደማይቀር ሲያውቁ አልነበረም። ዕድሉ እኩል በእኩል፣ 50 በመቶ ሲሆን ነበር። መቶ በመቶ እንደሚያማቸው ሲያውቁ የተሻለ ተረጋግተዋል።

«ቢከፋም ልወቀው» ያልሽው ይህንኑ ነው። ሰውነትሽ የሚጠበቅበትን እየሠራ ነው። ስለዚህ «ፈሪ ነኝ?» ለሚለው አጭሩ መልሴ አይደለሽም የሚል ነው። ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጭንቀትሽ የሚነግርሽ ነገሩ እንደማይታወቅ ብቻ ነው። አደገኛ መሆኑን አልነገረሽም። አንቺ ግን አንዱን ለሌላው ወስደሽዋል።

ፍራንክ ናይት የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር በ1921 ይህንን ልዩነት በደንብ አስቀምጦታል። ዳይስ ስትወረውሪ ስድስት የመምጣት ዕድሉ ከስድስት አንድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያ ሊሰላ የሚችል ሪስክ ነው። አምስት ሰዎች የጀመሩት ድርጅት በዓመቱ ይኖራል ወይ የሚለው ግን ዕድሉ ራሱ አይታወቅም። ማንም ቁጥር ሊሰጥሽ አይችልም፤ እነሱም ጭምር። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ። ሌሊት ሌሊት የምትታገዪው ቁጥር የሌለውን ነገር በሰንጠረዥ ለመሙላት ነው። አይሞላም። ዝርዝሩን የምትቀድጂውም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ይህን አስቢ። ሁለት ከረጢቶች አሉ። በአንዱ 50 ቀይና 50 ጥቁር ኳስ አለ። በሌላውም 100 ኳስ አለ፤ ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ ጥቁር እንደሆነ ግን አታውቂም። ቀለም መርጠሽ፣ ከፈለግሽው ከረጢት አንድ ኳስ ሳታዪ ታወጫለሽ። ያልሽው ቀለም ከወጣ ትሸለሚያለሽ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ዳንኤል ኤልስበርግ ይህን ጥያቄ በ1961 ካቀረበ ወዲህ ብዙ ሰው የሚመርጠው የታወቀውን ከረጢት ነው። ቀይም ይሁን ጥቁር፣ ለሰዉ ለውጥ የለውም፤ ያልታወቀውን ይሸሻል። ነገር ግን በሁለተኛው ከረጢት ላይ ሳንቲም ወርውረሽ ቀለም ብትመርጪ የማሸነፍ ዕድልሽ እዚያም ልክ 50 በመቶ ነው። የቀነሰብሽ ነገር የለም። የምትሸሺው የባሰ ስለሆነ ሳይሆን ስላላየሽው ነው።

በኛ አባባል «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንላለን። አባባሉ የሰውን ስሜት በትክክል ገልጾታል። የውሳኔ መመሪያ አድርጎ መያዙ ግን ሰው ላይ ብዙ ዓመት ሲበላ አይቻለሁ። ምክንያቱም «የሚያውቁት» የሚለው ቃል ራሱ ይሸውዳል። የአሁኑን ሥራሽን በእርግጥ ታውቂዋለሽ? ያለፉትን ሦስት ዓመታት ታውቂያለሽ። መጪዎቹን ሦስት ግን አታውቂም። ክፍሉ ሊታጠፍ ይችላል። ሰንጠረዡን የሚሞላ ሶፍትዌር ሊመጣ ይችላል። አለቃሽ ሊቀየር ይችላል። እዚያም ከረጢቱ አልተከፈተም፤ ለምደሽው ነው የተከፈተ የሚመስልሽ።

ይህን የምልሽ ከራሴ ስለማውቀውም ነው። 25 ዓመቴ ላይ በአንድ ቢሮ ቋሚ ሥራ ነበረኝ። አንድ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም ጀማሪ ሆኜ እንድገባ ጋበዘኝ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠረጴዛዬ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከድሮ ደረሰኞች ሥር አስቀመጥኩት። ወር ሲደርስ አወጣዋለሁ፤ ቀኑን ቀይሬ እንደገና አትመዋለሁ፤ መልሼ አስገባዋለሁ። እንዲህ እያልኩ 14 ወር አለፈ። በመጨረሻ ስደውል ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። እኔ 14 ወር ሙሉ «ገና አልወሰንኩም» ስል ነበር። ግን በየወሩ መቅረትን እየወሰንኩ ነበር፤ ስሙን ብቻ አልጠራሁትም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መልቀቄ አይቀርም እያልኩ በነበርኩበት ሥራ ላይም አዲስ ነገር ለመማር አለመሞከሬ ነው። ከሁለት ያጣሁ ሆንኩ። ወደዚህ ሙያ የገባሁት በሌላ በር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እና የጓደኞችሽ ጥያቄ ትክክል ነው ወይ? በከፊል ነው። ሃያዎቹ ዕድሜ ለመሞከር ይመቻል የሚባለው ወጣት ደፋር ስለሆነ አይደለም። ጉዳዩ የቀረሽ ጊዜ ነው።

በምሳሌ ላስረዳሽ። ከቤትሽ ወደ ሥራ የሚወስድሽ የታወቀ መንገድ አለ፤ 40 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ቀን በጎን በኩል የሚታጠፍ፣ ሄደሽበት የማታውቂው መንገድ አየሽ። ከሰፈሩ የምትለቂው ነገ ከሆነ መሞከሩ ትርጉም የለውም። ቢያጥር እንኳ አንዴ ብቻ ነው የምትጠቀሚበት። ለአሥር ዓመት የምትኖሪ ከሆነ ግን ዛሬ ብትጠፊና ግማሽ ሰዓት ብታረፍጂ ያከስርሻል? ካጠረ ለአሥር ዓመት ይጠቅምሻል፤ ካልሆነ ነገ ወደ ድሮው ትመለሻለሽ። ከመሞከር የሚገኘው እውቀት ዋጋው የሚለካው ከፊትሽ ባለው ጊዜ ነው። 26 ዓመት ላይ ያገኘሽው እውቀት ከ30 ዓመት በላይ ይሠራልሻል።

ሮበርት ሚለር የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ1984 ይህንኑ ሐሳብ በሥራ ምርጫ ላይ በሒሳብ አሳይቷል። ወጣቶች መጀመሪያ ውጤቱ የማይታወቀውን ሥራ መሞከራቸው ስሌቱን የጠበቀ ነው ይላል። ካልሆነ ይተዉታል፤ ከሆነ ደግሞ ይቆዩበታል። ክፉውን ጎን ቶሎ መተው ስለሚቻል ከመልካሙ ጎን የሚገኘው ይበልጣል ማለት ነው። በ1992 ደግሞ ሮበርት ቶፔልና ማይክል ዋርድ የአሜሪካ ወጣት ወንዶችን የሥራ መዝገብ ተከታትለው ነበር። አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በአማካይ ሰባት ሥራ ይይዛል። ያ በዕድሜው ሙሉ ከሚይዛቸው ሥራዎች ሁለት ሦስተኛው ነው። በእነዚያ ዓመታት ካደገው ደሞዝ ቢያንስ ሲሶው የመጣው ሥራ ከመቀየር ነው። የአንድ አገርና የአንድ ዘመን መረጃ ነው፤ ቁጥሩን ወደ አንቺ አልገለብጠውም። ግን ሥራ መቀያየር ሁልጊዜ የመቅበዝበዝ ምልክት እንዳልሆነ ያሳያል። ሰው ቦታውን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። «ካልደፈረሰ አይጠራም» የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ጓደኞችሽ ወዳልነገሩሽ ክፍል ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቺ፤ የጎዱ ሪስኮችን ሁሉ ያየሁት በዚህ በኩል ነው።

«አሁን ካልሆነ መቼም» የሚለው እውነት አይደለም። የፒየር አዙሌይና የሥራ ባልደረቦቹ ጥናት በ2020 ታትሟል። በአሜሪካ በጣም በፍጥነት ያደጉትን፣ ከሺህ አንዱን አዲስ ድርጅት የመሠረቱት ሰዎች በምሥረታው ወቅት አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነበር። በዚያው ዘርፍ ሠርተው የሚያውቁትም የተሻለ ቀንቷቸዋል። ስለዚህ በሩ 30 ስትሞዪ አይዘጋም። በ26 ዓመትሽ የምትገዢው ዋና ነገር ልምድ ነው። ስኬቱ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሪስክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወድቀሽ የምትነሺበት አለ፤ የማትነሺበትም አለ። ለምሳሌ እያንዳንዱ ሙከራሽ ሙሉ በሙሉ የሚያፈርስሽ ዕድል 10 በመቶ ነው እንበል። ትንሽ ይመስላል። ሰባት ጊዜ ብትደጋግሚው ግን ሳትፈርሺ የመውጣት ዕድልሽ ከግማሽ በታች፣ 48 በመቶ ገደማ ነው። ካልኩሌተር አውጪና 0.9ን ሰባት ጊዜ አባዢው። ሃያዎቹ ዕድሜ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ስለምትሞክሪ ነው። ብዙ ጊዜ ለመሞከር ደግሞ እያንዳንዱ ውድቀት ለቀጣዩ ሙከራ በሕይወት የሚያቆይሽ መሆን አለበት።

ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼ አንድ ሰው ልንገርሽ። 27 ዓመቱ ላይ ሥራውን ትቶ የራሱን ጀመረ። ገንዘቡን የሰበሰበው ከአጎቶቹ፣ ከእህቱና ከሁለት ጓደኞቹ ነው። ሥራው በ11 ወር ወደቀ። እኔ ዘንድ ሲመጣ ስለ ሥራው መውደቅ ብዙም አላወራም። ያወራው ስልክ ስለማንሳት ነበር። የእህቱ ስም ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። መጥሪያው እስኪያቆም ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። ዕዳውን ከፍሎ፣ ያንን ስልክ ሳይደነግጥ ለማንሳት አራት ዓመት ፈጀበት። ሙከራውን አልኮንነውም፤ ጎበዝ ልጅ ነበር። የሞከረው ግን በማይመለስ ነገር ነው።

የማይመለሱት ጥቂት ናቸው፤ ግን በደንብ ልታውቂያቸው ይገባል። በደሞዝሽ የማትከፍዪው ዕዳ አንዱ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብ፣ በተለይ ማጣት የማይችል ሰው ገንዘብ፣ ሌላው ነው። ጤናሽ፣ ስምሽና ታማኝነትሽ፣ ሕግ የሚያስጥስሽ ነገር፤ እነዚህ ላይ አትደራደሪ። የተቀረው፣ ማለትም የደሞዝ መቀነስ፣ ድርጅቱ ተዘግቶ ሥራ ፈላጊ መሆን፣ በጓደኞች ፊት «አልሆነም» ማለት፣ ያማል። ግን ይመለሳል።

መመለሱን የምለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቹ በ1998 ባወጡት ጥናት የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ጠይቀው ነበር። ቋሚ ሹመት ብትከለከሉ ምን ይሰማችኋል ሲባሉ ለዓመታት እንደሚከፋቸው ገመቱ። በእርግጥ የተከለከሉት ግን ከተሾሙት ይህን ያህል የከፋ ስሜት ላይ አልተገኙም። ሰው ራሱን የማከም አቅሙን ሲገምት ያሳንሰዋል። አንቺም የድርጅቱን መዘጋት ስታስቢ የሚታይሽ የተዘጋበት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ስድስተኛው ወር አይታይሽም።

ወንድምሽስ? ይህን ጓደኞችሽ ዘለውታል፤ እኔ አልዘለውም። «በሃያዎቹ ምንም ሸክም የለብሽም» የሚለው ምክር ሸክም የሌለባቸው ሰዎች ምክር ነው። አንቺ ብትወድቂ የሚወድቀው ሌላም ሰው ነው። ያ ማለት ግን አትንቀሳቀሺ ማለት አይደለም። የወንድምሽ ወጪ ከውሳኔው ውጭ ይቀመጥ ማለት ነው። የአንድ ዓመት የትምህርት ወጪውን አስልተሽ ለብቻው፣ በሌላ የባንክ ሒሳብ አስቀምጪ። ያ ገንዘብ ሳይሟላ አትልቀቂ። ሲሟላ ግን ወንድምሽን የመቅረት ሰበብ አታድርጊው። ይህን የምልሽ ብዙ ሰው ለሚወደው ሰው ሲል የቀረ እየመሰለው በፍርሃት ሲቀር ስላየሁ ነው። ኋላ ደግሞ ለዚያው ሰው ቅሬታ ይይዛል። ወንድምሽ ይህን አልጠየቀሽም።

ሌላ መንገድም እንዳለ አስቢ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ጆሴፍ ራፊና ጂ ፌንግ በ2014 ያወጡት ጥናት ይህን ይደግፋል። ሥራቸውን ሳይለቁ የራሳቸውን ነገር በጎን ጀምረው ቆይተው የገቡበት ሰዎች፣ ሁሉን ትተው በአንዴ ከዘለሉት ይልቅ የመውደቅ ስጋታቸው በ33 በመቶ ያነሰ ነበር። በጎን መጀመርን የመረጡትም ይበልጥ ሪስክ የሚሸሹት ሰዎች ነበሩ። ሥራውን በትንሹ እየቀመሱ ከረጢቱ ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ነበር። ያንቺ ጉዳይ የራስን ድርጅት መመሥረት አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ይሠራል። ለስድስት ሳምንት ማታ ማታና በእረፍት ቀንሽ ሒሳባቸውን ልሥራላቸው በያቸው። መጀመሪያ ግን የአሁኑ የሥራ ውልሽ መፍቀዱን አረጋግጪ። እምቢ ካሉ እንኳ እምቢ ያሉበት አነጋገር ስለነሱ ብዙ ይነግርሻል።

ከዚያ ጥያቄ ጠይቂ። አንቺ ለዚህ ከማንም ትሻያለሽ፤ ሒሳብ ማንበብ ታውቂያለሽ። ዛሬ ባንክ ያለው ገንዘብ ምንም ገቢ ባይመጣ ለስንት ወር ደሞዝ ይበቃል? ገንዘቡ የማን ነው፤ ብድር ነው ወይስ የራሳቸው? የሚከፍል ደንበኛ አለ ወይስ «ሊመጡ ነው» የሚባሉ ናቸው? ደሞዝ ዘግይቶ ያውቃል? ከነሱ ጋር ሠርቶ የለቀቀ ሰው ካለ ስልኩን ጠይቂና አናግሪው። የለቀቀ ሰው የሚነግርሽን የገባ ሰው አይነግርሽም። በእነዚህ ጥያቄዎች የሚከፋ አለቃ ካጋጠመሽ መልስሽን አግኝተሻል።

ለራስሽም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ድርጅቱ በዓመቱ ቢዘጋ ይዤው የምወጣው ምንድን ነው? አንድ ሙሉ ድርጅት ከዜሮ እንዴት ሒሳቡ እንደሚደራጅ ካወቅሽ፣ ከባንክና ከግብር ጋር ያለውን ጉዳይ በራስሽ ከጨረስሽ፣ ያ ያንቺ ነው። ድርጅቱ ቢዘጋ አብሮ አይዘጋም። እዚያም ሄደሽ የምትሞዪው ሌላ ሰንጠረዥ ብቻ ከሆነ ግን፣ በትንሽ ደሞዝ ያንኑ ሥራ ልትሠሪ ነው። ያኔ ቅሪ እልሻለሁ።

ዝርዝሩን ሌሊት አትጻፊ። ይህን አደራ እልሻለሁ። በምትኩ ቀን ላይ፣ አንድ ሰዓት መድበሽ፣ ጋሪ ክላይን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2007 የጻፈበትን ዘዴ ሞክሪ። ከዛሬ አንድ ዓመት በኋላ ነው እንበል። ወደ አዲሱ ድርጅት ሄደሽ ነገሩ ተበላሽቷል፤ አልቋል። አሁን ለምን እንደተበላሸ ታሪኩን ጻፊ። «ምን ሊበላሽ ይችላል?» ስንባል አእምሯችን ይለግማል። «ተበላሽቷል፤ ለምን?» ስንባል ግን ቁልጭ ያሉ ምክንያቶች ይመጣሉ። ከዚያ በሌላ ወረቀት ላይ ሌላ ታሪክ ጻፊ። አሁን ባለሽበት ቀረሽ፤ አምስት ዓመት አለፈ፤ አዝነሻል። ለምን? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጽፎ ያቆማል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢያቸው።

ሁለተኛውን ወረቀት ያስጨመርኩሽ በምክንያት ነው። ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በ1994 ስለ ጸጸት ባጠኑት ጥናት፣ ሰው ሰሞኑን የሚቆጨው ባደረገው ነገር ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ዕድሜውን ሲያይ ግን ይበልጥ የሚቆጨው ባላደረገው ነው። ያደረግሽው ስህተት ጫፍ አለው፤ ይታረማል፣ ይረሳል። ያላደረግሽው ግን ማለቂያ የለውም፤ ምን ይሆን ነበር እያልሽ ትኖሪያለሽ። የኢኮኖሚ ምሁሩ ስቲቨን ሌቪት ደግሞ ውሳኔ የጨነቃቸው ሰዎች በድረ ገጽ ሳንቲም እንዲወረውሩ አድርጎ ነበር። ከ20,000 በላይ ውርወራ ተደርጓል። ሥራ እንደ መልቀቅ ባለ ትልቅ ጉዳይ ለውጡን ያደረጉት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ካላደረጉት የበለጠ ደስተኛ ነኝ ብለዋል። ሳንቲም ወርውሪ እያልኩሽ አይደለም። የገቡበትም ሁለቱ ምርጫ እኩል የሆነባቸው፣ በፈቃዳቸው የመጡ ሰዎች ናቸው። ግን እንዳንቺ ለሳምንታት ሚዛኑ አልደፋ ካለ፣ ምናልባት ሚዛኑን ወደ መቅረት የሚጎትተው ልማድ ሊሆን እንደሚችል ልብ በይ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትወስኝላት ሴት ያሁኗ አንቺ ብቻ አይደለችም። በ2013 የታተመ፣ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 68 ነበር። በየትኛውም ዕድሜ ያሉት በአማካይ ባለፉት አሥር ዓመታት ብዙ ተለውጠናል አሉ። በመጪዎቹ አሥር ዓመታት ግን ያን ያህል አንለወጥም ብለው ገመቱ። በ36 ዓመትሽ የምትወጂውን፣ የምትፈልጊውን አሁን አታውቂውም። ስለዚህ «የሕይወቴን መንገድ ልምረጥ» ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። አሁን የምትመርጪው ቀጣዮቹን 12 ወራት ነው። ከሄድሽ ከስድስት ወር በኋላ ያለ አንድ ቀን ካላንደርሽ ላይ ምልክት አድርጊ። ያን ቀን እስኪደርስ «ልክ ነበርኩ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። ያን ቀን ግን ሳትፈሪ ጠይቂ።

አለማወቅን መሸከም ደግሞ እንደ ጡንቻ በልምምድ ይዳብራል። እኔ ዘንድ የሚመጡ ሰዎችን በትንንሽ ነገር አስጀምራቸዋለሁ። አንድ ኢሜይል ጽፈሽ ደግመሽ ሳታነቢ ላኪ። መልስ መጣ አልመጣ ብለሽ ለሁለት ሰዓት ስልክሽን አትዪ። ወደማታውቂው ቦታ ካርታ ሳትከፍቺ፣ ሰው እየጠየቅሽ ሂጂ። መጀመሪያ ደረትሽን ይጨንቅሻል። ትንሽ ቆይቶ ይለቅሻል። ከጭንቀቱ ጋር ተቀምጠሽ ምንም እንዳልሆንሽ ሰውነትሽ መማር አለበት፤ በምክር አይማርም። ሌሊት መንቃቱ ከዚህ ውሳኔ በኋላም ከቀጠለ፣ ወይም ከሥራ ውጭ ባሉ ነገሮችም እንዲሁ የምትሆኚ ከሆነ፣ አጠገብሽ ያለ ባለሙያ በአካል አግኚ። ይህ በደንብ የሚታከም ነገር ነው፤ ብቻሽን አትሸከሚው።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አሁን ባለኝ መረጃ ወደ መሄዱ አደላለሁ። ሥራውን እንደምትወጂው ጽፈሻል፤ ስለ አሁኑ ግን ከ«አይከፋም» በላይ አላልሽም። ግን ሁለት ነገር ካልተሟላ አልልም፦ የወንድምሽ የአንድ ዓመት ወጪና ያንቺ የስድስት ወር መኖሪያ። ካልሞላ «በሦስት ወር ልምጣ» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ቢበዛ እምቢ ይሉሻል። በዚህ ሳምንት ደውዪላቸው። ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፊት ለፊትሽ አስቀምጪ፤ በስልክ ስንጨነቅ ዋናውን እንረሳለንና። መጀመሪያ የምትጠይቂው በባንክ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር እንደሚበቃ ይሁን። የሰጡሽን መልስ ከቀኑ ጋር ጻፊው፤ ያን ወረቀት ብቻ አትቅደጂው።